የወይን ጠጅ ኢንዱስትሪ በአገር ውስጥና በውጭ ገበያ፤ የሆሳዕናና የአካባቢው ከተሞች ድርሻ ሲመዘን

በኢትዮጵያ የወይን ጠጅ በፋብሪካ ደረጃ መመረት ከጀመረ ከ80 ዓመታት በላይ አስቆጥሯል። ይሁን እንጂ ኢንዱስትሪው ከቢራው ዘርፍ ጋር ሲነጻጸር ጠባብ ገበያ ያለው፣ ከቡናና ከቅባት እህሎች ጋር ሲነጻጸር ደግሞ ለአገሪቱ የሚያስገኘው የውጭ ምንዛሪ እጅግ አነስተኛ የሆነ ዘርፍ ነው። ለወይን ተክል የሚስማማ መሬትና የአየር ንብረት በአገሪቱ መኖሩ ደጋግሞ ይነገራል። የዘርፉን ትርፍና ኪሳራ የሚወስነው ግን የመሬቱ ተስማሚነት ብቻ አይደለም። የጠርሙስና የቡሽ ዋጋ፣ የታክሱ አጣጣል፣ የውጭ ምንዛሪ አቅርቦት እንዲሁም የጠጪው ብዛትና ልማድ ከማሳው የማይተናነስ ድርሻ አላቸው።

ጉዳዩ ማሳውም ሆነ ፋብሪካው በሌለባቸው፣ ምርቱን ግን በሚሸጡ ከተሞች ዓይን ሲታይ ይበልጥ ግልጽ ይሆናል። የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል መቀመጫ የሆነችው ሆሳዕና፣ የከምባታ ዞን ዋና ከተማ ዱራሜ፣ እንዲሁም እንደ አንጋጫና ሺንሺቾ ያሉ ከተሞች ከዚህ ኢንዱስትሪ ምን እንደሚያገኙና ምን ሊያገኙ እንደሚችሉ ማወቅ ለዕቅድ፣ ለገቢና ለኢንቨስትመንት ባለሙያዎች ጠቀሜታ አለው።

ከአዱሊስ ወደብ እስከ ዝዋይ ማሳ

የወይን ጠጅ በኢትዮጵያ እንግዳ መጠጥ አይደለም። በመጀመሪያው መቶ ክፍለ ዘመን እንደተጻፈ የሚታመነውና ፔሪፕሉስ በመባል የሚታወቀው የባሕር ንግድ መመሪያ፣ በአዱሊስ ወደብ በኩል ወደ አክሱም ግዛት ይገቡ ከነበሩ ሸቀጦች መካከል ከሎዶቅያና ከኢጣሊያ የሚመጣ የወይን ጠጅን ይጠቅሳል። መጠኑ ብዙ እንዳልነበረም ያመለክታል። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ለቅዳሴ የሚያስፈልገውን ወይን የምታዘጋጀው ዘቢብ በውኃ ዘፍዝፎ በመጭመቅ በመሆኑ፣ የወይን ፍሬ በአገሪቱ ሳይቋረጥ የቆየ ፈላጊ አለው።

የፋብሪካ ምርት ታሪክ የሚጀምረው በ1936 ዓ.ም. ከተመሠረተው የአዋሽ ወይን ጠጅ ፋብሪካ ነው። ፋብሪካው ከ1966ቱ የመንግሥት ለውጥ በኋላ ለረጅም ዓመታት በመንግሥት ይዞታ ሥር ቆይቷል። እንደ ጉደር፣ አክሱማይት፣ አዋሽ ክሪስታልና ከሚላ ያሉት ምርቶቹም በአዲስ አበባና በክፍላተ ሀገር ከተሞች ሆቴሎችና ግሮሰሪዎች ስማቸው የታወቀ ሆኗል። እ.ኤ.አ. በ2013 መንግሥት የልማት ድርጅቶችን ወደ ግል ለማዛወር በሚያካሂደው ፕሮግራም መሠረት ፋብሪካው ኤይት ማይልስ ለተባለው በአፍሪካ ላይ ለሚያተኩር የኢንቨስትመንት ፈንድና ለኢትዮጵያዊ ሽርካው ተላልፏል።

ሁለተኛው ምዕራፍ የተከፈተው በዝዋይ፣ በአሁኑ መጠሪያዋ በባቱ ከተማ አቅራቢያ ነው። የቅዱስ ጊዮርጊስ ቢራን እ.ኤ.አ. በ1998 የገዛው የፈረንሳዩ ካስቴል ኩባንያ፣ ከአዲስ አበባ በስተደቡብ 160 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀት ላይ 120 ሄክታር በሚሆን መሬት የወይን ተክል ለማልማት እ.ኤ.አ. በ2007 ሥራ ጀመረ። ከፈረንሳይ የቦርዶ አካባቢ የመጡት ችግኞች ሜርሎ፣ ሲራ፣ ካቤርኔ ሶቪኞንና ሻርዶኔ የተባሉት ዝርያዎች ናቸው። ፋብሪካው እ.ኤ.አ. በ2014 ተመርቆ ሪፍት ቫሊ እና አካሲያ የተሰኙ ምርቶችን ለገበያ አቅርቧል። ማሳውን ከጉማሬና ከሌሎች የዱር እንስሳት ለመከላከል በዙሪያው 2 ሜትር ስፋት ያለው ቦይ መቆፈሩ በወቅቱ የዓለም መገናኛ ብዙኃንን ትኩረት ስቦ ነበር።

ከተከላው እስከ መጀመሪያው ጠርሙስ ሰባት ዓመት ገደማ ማለፉ ለዘርፉ ኢኮኖሚ ቁልፍ ነጥብ ነው። የወይን ተክል ለንግድ የሚበቃ ፍሬ መስጠት የሚጀምረው በአብዛኛው በሦስተኛው ዓመት ሲሆን፣ ሙሉ ምርት ላይ የሚደርሰው ደግሞ ከዚያም በኋላ ነው። በዚህ ጊዜ ውስጥ ለመሬት ዝግጅት፣ ለመስኖ ቧንቧ፣ ለድጋፍ ምሰሶና ሽቦ እንዲሁም ለሠራተኛ የሚወጣው ገንዘብ ገቢ አይመልስም። ይህን ጊዜ ተቋቁሞ ሊያልፍ የሚችለው በቂ ካፒታል ያለው ባለሀብት ወይም የረጅም ጊዜ ብድር የሚያቀርብ ባንክ ያገኘ አምራች ብቻ ነው።

የአንድ ጠርሙስ ወጪ ከየት ይመጣል?

ሦስት አራተኛ ሊትር የሚይዝ አንድ ጠርሙስ ወይን ለመሙላት ከ1 እስከ 1.2 ኪሎ ግራም የወይን ፍሬ ያስፈልጋል። በመስኖ የሚለማ አንድ ሄክታር 10 ሺህ ኪሎ ግራም ፍሬ ይሰጣል ተብሎ ቢታሰብ፣ 120 ሄክታር ከ1 ሚሊዮን እስከ 1.2 ሚሊዮን ጠርሙስ የሚሆን ፍሬ ያስገኛል። የዝዋዩ ፋብሪካ ሥራ ሲጀምር የተነገረለት 1.2 ሚሊዮን ጠርሙስ ዓመታዊ ምርት ከዚህ ስሌት ጋር ይጣጣማል። ይህ መጠን ከ100 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ላላት አገር ሲካፈል ለ80 ሰዎች አንድ ጠርሙስ ገደማ ይደርሳል ማለት ነው።

ይሁን እንጂ ሸማቹ ከሚከፍለው ዋጋ ውስጥ የፍሬው ድርሻ ትንሹ ነው። ጠርሙስ፣ ቡሽ፣ መለያ ወረቀት፣ ካርቶን፣ የማብላያ እርሾና የፋብሪካ መለዋወጫ በሙሉ ወይም በከፊል በውጭ ምንዛሪ የሚገዙ ናቸው። የዓለምን የቡሽ ምርት ግማሽ ያህል የምታቀርበው ፖርቱጋል ስትሆን፣ የኢትዮጵያ አምራች ቡሹን ለማስመጣት እንደ ማንኛውም አስመጪ የባንክ ደጅ መጥናት ይኖርበታል። ፍሬው አገር ውስጥ ቢመረትም የተጠናቀቀው ምርት ከውጭ ምንዛሪ ጥገኝነት አይላቀቅም።

መንግሥት በጥቅምት 2015 ዓ.ም. ለ38 ዓይነት ሸቀጦች የውጭ ምንዛሪ እንዳይፈቀድ ባገደበት ጊዜ የአልኮል መጠጦች በዝርዝሩ ተካተው ነበር። እገዳው ከውጭ የሚገባውን መጠጥ በመገደቡ ለአገር ውስጥ አምራቾች የገበያ ዕድል ቢፈጥርም፣ ያንኑ የምንዛሪ እጥረት አምራቾቹም በግብዓት ግዢ ይጋሩት ነበር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመኑ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ እገዳው ተነስቷል። ከዚያ በፊት ከ60 ብር በታች ይመነዘር የነበረው የአሜሪካ ዶላርም በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆኗል። ለውጡ ለወይን አምራቹ ሁለት ገጽታ አለው። ከውጭ የሚገባው ወይን በብር ሲተመን በመወደዱ የአገር ውስጡ ምርት ጥበቃ አግኝቷል፤ ወደ ውጭ የሚልክ አምራችም በዶላር ያገኘው ገቢ በብር ከፍ ብሎለታል። በሌላ በኩል የጠርሙሱ፣ የቡሹና የመለዋወጫው ዋጋ በዚያው ልክ ጨምሯል። የትኛው ገጽታ እንደሚያመዝን የሚወስነው ከምርቱ ወጪ ምን ያህሉ በብር፣ ምን ያህሉ በውጭ ምንዛሪ እንደሚከፈል ነው።

ታክሱና የገቢው ክፍፍል

የወይን ጠጅ የኤክሳይስ ታክስ ከሚከፈልባቸው ምርቶች አንዱ ነው። በኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ቁጥር 307/1995 መሠረት ማንኛውም ዓይነት የወይን ጠጅ 50 በመቶ ኤክሳይስ ታክስ ይከፈልበት ነበር። ለአገር ውስጥ ምርት የታክሱ መነሻ የምርቱ ማምረቻ ወጪ ነበር። ስሌቱን በምሳሌ ለማሳየት፣ ማምረቻ ወጪው 100 ብር በሆነ ምርት ላይ 50 ብር ኤክሳይስ ሲታከል 150 ብር ይሆናል፤ በዚህ ላይ 15 በመቶ የተጨማሪ እሴት ታክስ 22 ብር ከ50 ሳንቲም ነው። ስለዚህ ምርቱ የአምራቹን ትርፍ፣ የማጓጓዣውንና የነጋዴውን ድርሻ ሳይጨምር 172 ብር ከ50 ሳንቲም ይደርሳል።

አዋጁ በኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ተተክቷል። ከዋና ዋና ለውጦቹ አንዱ ለአገር ውስጥ ምርት የታክሱ መነሻ ከማምረቻ ወጪ ወደ ፋብሪካ መሸጫ ዋጋ መቀየሩ ነው። በቀድሞው አሠራር ወጪን አሳንሶ በማሳወቅ ታክስን መቀነስ ይቻል ስለነበር፣ ለውጡ ለቁጥጥር አመቺ ሆኗል። ለአምራቹ ግን ትርፉም የታክሱ መነሻ አካል ሆኗል ማለት ነው። አዋጁ ሕገወጥ ምርትን ለመለየት የሚያስችል የኤክሳይስ ቴምብር ሥርዓትንም አካቷል።

ለሆሳዕናና ለመሰል ከተሞች አስፈላጊው ነጥብ ታክሱ የሚሰበሰብበት ቦታ ነው። የአገር ውስጥ ምርት ኤክሳይስ ታክስ የሚከፈለው በፋብሪካው ደረጃ ሲሆን፣ ከውጭ የሚገባው ደግሞ በጉምሩክ ነው። ጠርሙሱ ሆሳዕና ሲደርስ ትልቁ ታክስ ቀድሞ ተከፍሏል። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 97 መሠረት ክልሎች ከግለሰብ ነጋዴዎች የትርፍ ግብር የመሰብሰብ ሥልጣን ስላላቸው፣ በከተማው የሚቀረው ገቢ በዋናነት ከግሮሰሪው፣ ከሆቴሉና ከአከፋፋዩ ትርፍ የሚገኘው ነው። ስለሆነም የመጠጥ ሽያጭ መጨመር የከተማውን ገቢ በዚያው መጠን ያሳድጋል ብሎ መገመት ለተሳሳተ ዕቅድ ይዳርጋል።

በተጨማሪም የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 የአልኮል መጠጦች ማስታወቂያ በሬዲዮና በቴሌቪዥን እንዳይተላለፍ፣ ዕድሜው ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰውም መጠጡ እንዳይሸጥ ከልክሏል። የዓለም ጤና ድርጅት ከአልኮል ጋር በተያያዘ በዓመት 2.6 ሚሊዮን ሰዎች ሕይወታቸውን እንደሚያጡ ማስታወቁ ለዚህ ዓይነቱ ቁጥጥር ምክንያቱን ያሳያል። ለወይን አምራቹ ግን፣ ወይን የመጠጣት ልማድ ባልዳበረበት ገበያ አዲስ ደንበኛ የሚያፈራበት መንገድ ጠቦበታል።

የውጭው ገበያ

የዝዋዩ ፕሮጀክት ሲጀመር ከምርቱ ግማሽ ያህሉን ወደ ውጭ የመላክ ዓላማ እንዳለው ተገልጾ ነበር። የምርቱ ዋነኛ ሸማች ግን የአገር ውስጡ ገበያ ሆኗል። ይህ የሆነው በቀረጥ ምክንያት ብቻ አይደለም። ኢትዮጵያ በዝቅተኛ የዕድገት ደረጃ ላይ ላሉ አገሮች በተሰጠው ዕድል ምርቶቿን ያለ ቀረጥና ያለ ኮታ ወደ አውሮፓ ኅብረት ማስገባት ትችላለች። ይሁንና ወደ ኅብረቱ የሚገባ ወይን በአምራቹ አገር እውቅና ባለው አካል የተሰጠ የላቦራቶሪ ትንተና ሰነድ ሊኖረው ይገባል። ከዝዋይ እስከ ጂቡቲ ያለው የየብስ ጉዞና የመርከብ ጭነቱ ሲታከልበትም፣ በአውሮፓ መደርደሪያ ላይ ከስፔንና ከቺሊ ርካሽ ወይን ጋር በዋጋ መወዳደር አዳጋች ይሆናል።

የዓለም ገበያም ቢሆን እየሰፋ አይደለም። የዓለም አቀፉ የወይንና የወይን ጠጅ ድርጅት መረጃ እንደሚያመለክተው እ.ኤ.አ. በ2024 የዓለም የወይን ጠጅ ፍጆታ 214 ሚሊዮን ሄክቶ ሊትር ገደማ ነበር፤ ይህም ከ60 ዓመታት ወዲህ ዝቅተኛው ነው። በበለጸጉት አገሮች ወጣቱ ትውልድ ወይን መጠጣት እየቀነሰ በመምጣቱ፣ ነባር አምራቾች ራሳቸው የወይን ተክል እየነቀሉ ይገኛሉ።

በዚህ ሁኔታ ለኢትዮጵያ ወይን ቀረብ ያለው የውጭ ደንበኛ በሰሜን አሜሪካ፣ በአውሮፓና በሌሎች አካባቢዎች ያሉ የኢትዮጵያውያን ምግብ ቤቶች ናቸው። እዚያም ቢሆን ወይኑ ብቻውን አይቆምም። በአሜሪካና በአውሮፓ ከማር የሚጠመቅ ጠጅ በጠርሙስ አሽገው የሚሸጡ አምራቾች ስላሉ፣ ከዶሮ ወጥና ከክትፎ ጋር የአገሩን መጠጥ የሚፈልግ ደንበኛ ጠጁን የማስቀደም ዝንባሌ አለው።

ለሀዲያና ለከምባታ ቅርብ የሆነው የውጭ አገር ደቡብ አፍሪካ ነው። ከእነዚህ ዞኖች የሄዱ ብዙ ወጣቶች በዚያ አገር በሱቅና በአነስተኛ ንግድ የተሰማሩ ሲሆን፣ ጆሐንስበርግ የሚገኘው የጂፒ መንገድ አካባቢ የኢትዮጵያውያን የንግድ ማዕከል በመሆን ይታወቃል። ሆኖም ደቡብ አፍሪካ ከ1659 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ወይን የምትጠምቅ፣ በዓመት ከ300 ሚሊዮን ሊትር በላይ ወደ ውጭ የምትልክ አገር ናት። የዝዋዩ ፋብሪካ የመጀመሪያ ዓመት ምርት 900 ሺህ ሊትር ገደማ በመሆኑ የደቡብ አፍሪካን ዓመታዊ የወጪ ንግድ 0.3 በመቶ ብቻ ይሆናል። ስለዚህ የስደተኛው ቁጥር ብዛት ብቻውን ለኢትዮጵያ ወይን ገበያ ሊሆን አይችልም። ከደቡብ አፍሪካ ወደ ሆሳዕናና ወደ ዱራሜ የሚፈሰው ገንዘብ በሕንፃ፣ በሆቴልና በሱቅ የሚታይ ሲሆን፣ በወይን ንግዱ ላይ ያለው ተፅዕኖም በዚሁ በሆቴሎቹ በኩል የሚመጣ ነው።

የሆሳዕና ገበያ ጠባይ

ሆሳዕና ከአዲስ አበባ በ230 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀት ላይ ትገኛለች። ከወይን ማሳው ከተማ ከባቱም ቢሆን በቡታጅራ በኩል በሚያልፈው መንገድ የተገናኘች ናት። ስለዚህ ምርቱን ወደ ከተማዋ ማድረስ ችግር አይደለም። ገበያውን የሚወስነው የነዋሪው ልማድ ነው። በ1999 ዓ.ም. በተካሄደው የሕዝብና ቤት ቆጠራ መሠረት በሀዲያም ሆነ በከምባታ አብዛኛው ነዋሪ የፕሮቴስታንት እምነት ተከታይ ነው። አብያተ ክርስቲያናቱ ምዕመናን ከአልኮል መጠጥ እንዲታቀቡ አጥብቀው የሚያስተምሩ ሲሆን፣ አጎራባቾቹ ስልጤና ሀላባም ሕዝባቸው በአብዛኛው ሙስሊም ነው። በአዲስ አበባ ሠርግ ላይ ወይን የሚቀርብበትን ቦታ፣ በእነዚህ ከተሞች በብዙ ሠርጎች ለስላሳ መጠጥ ይይዘዋል።

የወይን ፈላጊ በዋናነት የሚገኘው በሆቴሎች፣ በግሮሰሪዎችና ለስብሰባ ወይም ለሥራ በሚመጡ እንግዶች ዘንድ ነው። ሆሳዕና የክልል መቀመጫ መሆኗና ዋቸሞ ዩኒቨርሲቲ በከተማዋ መኖሩ ይህን ዓይነቱን እንግዳ አብዝቶታል። በሀዲያ ያሆዴ፣ በከምባታ መሳላ የሚከበርበት የመስከረም ወር ደግሞ በሌሎች ከተሞችና በውጭ አገር የሚኖሩ ተወላጆች ወደ ቀያቸው የሚመለሱበትና የሆቴሎች ገበያ የሚደራበት ነው። አቅም ያነሰው ጠጪ ምርጫ ጠላ፣ ቦርዴ፣ አረቄና ቢራ በመሆኑ፣ የወይን ሻጩ በጥቂት ደንበኞችና በጥቂት ወራት ላይ ተመሥርቶ ካፒታሉን ማንቀሳቀስ ይገደዳል።

የአካባቢው አርሶ አደር ከየት ይገባል?

ወይን በሀዲያና በከምባታ ቢለማስ የሚለው ጥያቄ በጥንቃቄ መታየት ይኖርበታል። ሆሳዕና ከባሕር ወለል በላይ ከ2,100 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ የምትገኝ ስትሆን፣ የዝዋይ ማሳ ከፍታ 1,600 ሜትር ገደማ ነው። ከዞኖቹ ቆላማ ቀበሌዎች ለወይን የሚስማሙ ቦታዎች ሊገኙ ቢችሉ እንኳ፣ አካባቢው በአገሪቱ የሕዝብ ጥግግት ከበዛባቸው አንዱ በመሆኑ 120 ሄክታር ወጥ መሬት ለአንድ ባለሀብት መስጠት በእንሰትና በእህል የሚተዳደሩ በርካታ ቤተሰቦችን ይነካል።

በዚህ ረገድ የታንዛኒያ ልምድ ትምህርት ይሰጣል። በዶዶማ አካባቢ ወይን የሚለማው በአነስተኛ አርሶ አደሮች ማሳም ጭምር ሲሆን፣ ተክሉ በዓመት ሁለት ጊዜ ይለቀማል። አገሪቱ ከ75 በመቶ በላይ የአገር ውስጥ የወይን ፍሬ በያዘ ወይን ላይ ዝቅ ያለ ኤክሳይስ ታክስ በመጣል ፋብሪካዎች ከአርሶ አደሩ እንዲገዙ አበረታታለች። ይህ አሠራር ውጤት የሚሰጠው ግን ፍሬው ከተለቀመ በኋላ በሰዓታት ውስጥ የሚጨምቀው ፋብሪካ በአቅራቢያው ሲኖር ነው።

ለሀዲያና ለከምባታ ደጋማ ወረዳዎች ዛሬ ያለው ቅርብ ዕድል በሌሎች ሁለት ምርቶች ላይ ነው። የመጀመሪያው የቢራ ገብስ ነው። ከነባሩ የአሰላ ብቅል ፋብሪካ በተጨማሪ እ.ኤ.አ. በ2021 በደብረ ብርሃንና በአዲስ አበባ ቦሌ ለሚ ሥራ የጀመሩት ብቅል ፋብሪካዎች የአገር ውስጥ ገብስ ይፈልጋሉ። ገብስ ዓመታዊ ሰብል በመሆኑ አርሶ አደሩ ሦስት ዓመት እንዲጠብቅ አይገደድም፤ ገበያው ከተበላሸም በሚቀጥለው ክረምት ወደ ስንዴ መመለስ ይችላል። ሁለተኛው ማር ነው። ኢትዮጵያ በዓመት 50 ሺህ ቶን ገደማ በማምረት ከአፍሪካ ቀዳሚ ስትሆን፣ ከምርቱ አብዛኛው ለጠጅ ይውላል። እ.ኤ.አ. በ2008 አገሪቱ ማር ወደ አውሮፓ ኅብረት እንዲልኩ ከተፈቀደላቸው አገሮች ተርታ መግባቷም ምርቱ ከጠጅ ቤት ውጪ ሌላ ገበያ እንዲያገኝ በር ከፍቷል። ንብ ማነብ ሰፊ መሬት አይጠይቅም።

ከዕቅድ በፊት ሊታዩ የሚገባቸው ነጥቦች

ከላይ ከተዘረዘረው በመነሳት ከመጠጥ ኢንዱስትሪ ጋር የተያያዘ የኢንቨስትመንት ወይም የገቢ ዕቅድ ለውሳኔ ሲቀርብ አራት ጉዳዮች ቀድመው ሊጣሩ ይገባል። እነዚህም ታክሱ በከተማው ወይስ በፋብሪካው ወይም በጉምሩክ እንደሚሰበሰብ፣ ከምርቱ ወጪ ምን ያህሉ በውጭ ምንዛሪ እንደሚሸፈን፣ ምርቱን በአካባቢው የሚገዛው ማን እንደሆነና በየትኛው ወቅት፣ እንዲሁም ከአካባቢው አርሶ አደር በውል የሚገዛ ጥሬ ዕቃ መኖር አለመኖሩ ናቸው።

በእነዚህ መለኪያዎች ሲመዘን የወይን ጠጅ ንግድ ለሆሳዕናና ለአካባቢው ከተሞች የሆቴል አገልግሎት አንድ ክፍል እንጂ ራሱን የቻለ የገቢ ምንጭ አይደለም። ለአካባቢው አርሶ አደር ከመጠጥ ኢንዱስትሪ የሚደርሰው ገንዘብ ወደፊትም በዋናነት የሚያልፈው በገብስ ማሳውና በንብ ቀፎው በኩል ነው። ይህም የሚሆነው የብቅል ገብስ አቅርቦት ውሉ ከመኸር ወቅት በፊት ሲፈረም፣ የማሩ ጥራትም ከቀፎ እስከ ገበያ ሲጠበቅ ነው።